ዋና አሰልጣኙ ይሰናበት ወይስ ይቆይ? ለደጋፊዎች የተዘጋጀ የክርክር መመሪያ

ሀዋሳ ላይ ቡድናችን ተሸንፎ ከስታዲየም ስንወጣ ክርክሩ የሚጀመረው ገና ባጃጅ ውስጥ ሳለን ነው። አንዱ «ዛሬውኑ ይሰናበት» ይላል፣ ሌላው «ጊዜ ይሰጠው እንጂ» ብሎ ይመልሳል፤ ፒያሳ ስንደርስ ነገሩ ከእግር ኳስ ወጥቶ የሰው ስም ማጥፋት ሆኖ ይገኛል። ሀዋሳ ከተማና ሲዳማ ቡና በሚደገፉባት፣ የ1996 እና የ1999 ዓ.ም. የሊግ ዋንጫዎችን በዓይኑ ያየ ትውልድ ዛሬም ስታዲየም በሚገባባት ከተማ፣ ደጋፊው ከቡድኑ ብዙ ቢጠብቅ የሚያስገርም አይደለም። በሀገራችን አብዛኞቹ ክለቦች ከመንግሥት በሚመደብ በጀት የሚንቀሳቀሱ በመሆናቸውም፣ የአሰልጣኝን ሥራ መመርመር የደጋፊው መብት ብቻ ሳይሆን ኃላፊነቱም ነው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ ክርክሩን የምናካሂድበት መንገድ ነው። የክለቡ ቦርድ ሊሰማው የሚችል፣ በሰውየውም ላይ ግፍ የማይሠራ ክርክር እንዴት እንደሚካሄድ ከዚህ በታች ለማሳየት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ጊዜው። ስለ ስንብት በሽንፈቱ ምሽት አትከራከሩ። በዚያ ምሽት ያያችሁትን ጻፉ እንጂ ፍርድ አትስጡ፤ ፍርዱን ሁለት ቀን ያህል አሳድሩት። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አሰልጣኝ ጥሩ ሲጫወት የነበረውን አማካይ በ60ኛው ደቂቃ አካባቢ ቀይሮ ሲያስወጣው፣ ከተጠባባቂ ወንበሩ ጀርባ ከተቀመጥነው መካከል ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነበርኩ። ተጫዋቹ ጡንቻው ተስቦ ራሱ እንዲቀየር መጠየቁን የሰማሁት በማግስቱ ነው። አሰልጣኙ ወቅቱ ሳያልቅ ከከተማው ስለሄዱ ይቅርታ ለመጠየቅ አልበቃሁም፤ ነገሩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ነገር ደብተር ነው፤ ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ ያዙ ብባል የምመርጠውም ይህንኑ ነው። ሁልጊዜ አብረውን ቡና የሚጠጡ አንድ አዛውንት ደጋፊ አሉ፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ጠርዙ የተላላጠ ባለካሬ ደብተር ይዘው ይመጣሉ። ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ገጽ ይመድባሉ፤ በላዩም የቋሚ አሰላለፉን፣ በጉዳትና በቅጣት የቀሩትን፣ ቅያሪው በስንተኛው ደቂቃ እንደተደረገ፣ እያንዳንዱ ግብ በስንተኛው ደቂቃና እንዴት እንደተቆጠረ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ለይተው ያሰፍራሉ። አንድ ጊዜ ሁላችንም «የአሰልጣኙ አጨዋወት ተከላካዩን አጋልጦታል» ብለን በአንድ ድምፅ ስናወግዝ ዝም ብለው አዳመጡንና፣ «ልጄ፣ እስቲ ይህን ገጽ ግለጠውና ጮክ ብለህ አንብበው» ብለው ደብተሩን ወደ እኔ ገፉት። ሳነበው ከተቆጠሩብን ግቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከማዕዘን ምትና ከቅጣት ምት የመጡ ነበሩ፤ አብዛኞቹም የተቆጠሩት ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ነው።

ያ ደብተር አሰልጣኙን ነፃ አላወጣቸውም። ክሱን ግን አጠራው። «አይችሉም» የሚለው ጭፍን ቃል ቀርቶ በምትኩ «የቆመ ኳስ (የማዕዘንና የቅጣት ምት) መከላከልን በሳምንት ስንት ቀን ያሠለጥናሉ? የአካል ብቃት አሰልጣኝ አለን ወይ? ጨዋታው ሲከብድ የሚቀየረው ለምን ሁልጊዜ አጥቂው ብቻ ነው?» የሚሉ መልስ የሚሹ ጥያቄዎች ወጡ። በእኛ ሊግ ተራ ደጋፊ የሚያገኘው ዝርዝር የጨዋታ መረጃ እንደ አውሮፓው የተትረፈረፈ ስላልሆነ፣ ከሳጥን ውስጥ የተመቱ ኳሶችን በእጃችን መቁጠር እንኳ ትልቅ ጥቅም አለው። ሁለት ሰው ለየብቻ ቢቆጥርና ቢያስተያይ ደግሞ የበለጠ ይታመናል።

የአሰልጣኙ የሆነውንና ያልሆነውን መለየት

ቀጥሎ የሚመጣው ከባዱ ሥራ ነው። በሜዳ ላይ የምናየው ውጤት የብዙ ሰው እጅ አለበት። ተጫዋቾቹን የመረጠው ማነው? አሰልጣኙ ዝርዝር አቅርበው የተፈጸመላቸው ነው ወይስ ቡድኑ ከተሠራ በኋላ የመጡ ናቸው? የቅድመ ውድድር ዝግጅቱ በጊዜው ተጀምሯል? ደሞዝ በወሩ ይከፈላል? ተጫዋች ሦስት ወር ሙሉ ደሞዝ ሳያገኝ ከርሞ ልምምድ ላይ ልቡ ካልተገኘ፣ ያንን በታክቲክ ሰሌዳ የሚያስተካክል አሰልጣኝ የለም። እንዲህ ያለውን ቡድን አሰልጣኝ መቀየር ቤቱ እየነደደ በር መቀየር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሌላው ጉዳይ የውድድሩ አካሄድ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ እንዲተላለፉ ሲባል ሊጉ ቡድኖቹ በሙሉ ወደ ተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ በሚጫወቱበት መልክ ሲካሄድ ቆይቷል፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማና የእኛዋ ሀዋሳ አስተናግደዋል። በዚህ አካሄድ አንድ የሀዋሳ ቡድን በወረቀት ላይ «ባለሜዳ» ተብሎ የተመዘገበበትን ጨዋታ ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ፣ ከቤቱ ርቆ በሆቴል እየኖረ ሊያደርግ ይችላል፤ ውድድሩ ወደ ሀዋሳ ሲመጣ ደግሞ እንግዳ በተባለበት ጨዋታ እንኳ ደጋፊው ከጎኑ ነው። ስለዚህ «በሜዳችን እንኳ ማሸነፍ አቃታቸው» ከማለታችን በፊት ጨዋታው የት ከተማ እንደተደረገ፣ ቡድኑም በስንት ቀን ልዩነት እንደተጫወተ ከደብተሩ እናረጋግጥ።

በአንጻሩ ለማንም የማይተላለፍ የአሰልጣኙ ድርሻ አለ። አሰላለፍ፣ ቅያሪ፣ የቆመ ኳስ ልምምድ፣ ከእረፍት መልስ የሚታይ ለውጥ፣ የወጣቶች አጠቃቀምና በመልበሻ ክፍል ውስጥ ያለ ሥርዓት የእርሳቸው ናቸው። እኔ ሚዛን የማደርገው አንድ ስህተት ሲደጋገም አሰልጣኙ የሚሰጡትን ምላሽ ነው። በአንድ መስመር ሦስት ጊዜ ከተጠቃን በኋላ አራተኛው ጨዋታ ላይ አዲስ ነገር ከሞከሩ፣ ሙከራው ባይሳካም የሚያስቡ ሰው ናቸው። ምንም ሳይለውጡ ከየጨዋታው በኋላ ጋዜጠኛ ፊት ተጫዋቾቻቸውን የሚወቅሱ ከሆነ ግን፣ ያ ከየትኛውም የነጥብ ሠንጠረዥ በላይ አሳሳቢ ምልክት ነው። ተጫዋቾች ለአሰልጣኙ መሮጥ ማቆማቸውም እንዲሁ ነው፤ ይህንን ለማየት ኳሱ ያለበትን ሳይሆን ኳስ የተነጠቀው ተጫዋች ወደ ኋላ የሚመለስበትን ፍጥነት ተመልከቱ።

ስለ ጨዋታው ብዛትም አንድ ነገር ልበል። 16 ክለቦች በሚወዳደሩበት ሊግ አንድ ቡድን 30 ጨዋታ ያደርጋል፤ አምስት ጨዋታ ከዚያ አንድ ስድስተኛው ብቻ ነው። አምስቱን የተሸነፍነው ከመሪዎቹ ጋር ተጫውተን ከሆነ፣ ወይም የሳትነው ፍጹም ቅጣት ምትና የግብ ብረት የመለሰው ኳስ በመካከሉ ካለ፣ ቁጥሩ የሚናገረው ገና ጥቂት ነው። በኔዘርላንድ ሊግ ላይ የተደረገ ጥናት አሰልጣኝ ያሰናበቱ ክለቦችን ተመሳሳይ የውጤት ማሽቆልቆል ገጥሟቸው አሰልጣኛቸውን ካቆዩት ጋር ሲያነጻጽር፣ ሁለቱም ወገን በተቀራራቢ ሁኔታ እንዳገገመ አሳይቷል። ቡድን ከአቅሙ በታች ሲወርድ ዞሮ ወደ አቅሙ መመለሱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ የተገኘው አዲስ ሰው ምስጋናውን ይወስዳል። ይህ አሰልጣኝ ፈጽሞ አይሰናበት ማለት ሳይሆን፣ ከስንብት በኋላ የተገኙ ሁለት ድሎችን እንደ ማስረጃ መቁጠር ስህተት ነው ማለት ነው።

ምሳሌ ስትጠቅሱ

በክርክር መካከል አንድ ሰው የአሌክስ ፈርጉሰንን ስም ሳያነሣ አይቀርም። ምሳሌው እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1986 ማንችስተር ዩናይትድን የተረከቡት ፈርጉሰን በ1989/90 ሊጉን በ13ኛ ደረጃ ቢጨርሱም ክለቡ አላሰናበታቸውም፣ በዚያው ወቅት የኤፍኤ ካፕን አንሥተው በኋላ 13 የሊግ ዋንጫ ወሰዱ። የአርሰናል ደጋፊዎችም ሚኬል አርቴታ በተከታታይ ሁለት ጊዜ 8ኛ ከጨረሰና በ2021 ወቅቱን በሦስት ሽንፈት ከጀመረ በኋላ እስከ 2ኛ ደረጃ መድረሱን ያነሣሉ። ሆኖም ተቃራኒውም እውነት ነው። ቼልሲ እ.ኤ.አ. በ2012 መጋቢት ላይ ቪላስ ቦአስን አሰናብቶ በጊዜያዊ አሰልጣኙ በዲ ማቴዮ እጅ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ2021ም ላምፓርድን በቱኸል ተክቶ በዚያው ወቅት ዋንጫውን ደግሟል። ማንችስተር ዩናይትድ በበኩሉ በ2024 ክረምት የቴን ሃግን ውል አራዝሞ በጥቅምት ወር አሰናበተው፤ ተተኪው አሞሪም ቡድኑን ይዞ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። ስለዚህ ምሳሌ የሚጠቅስ ሰው «የእኛ ሁኔታ ከዚያ ጋር የሚመሳሰለው በምንድን ነው?» ለሚለው መልስ ይዞ ይምጣ። አርሰናል ትዕግሥትን ብቻ አይደለም የሰጠው፤ ያረጀውን ቡድን አፍርሶ በወጣቶች እንዲሠራም አሰልጣኙን በገንዘብ ደግፎታል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ታሪክ አለ። ብሔራዊ ቡድናችንን ከ31 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አበቁ፣ ለዓለም ዋንጫም እስከ መጨረሻው የማጣሪያ ዙር አድርሰው በናይጄሪያ ተሸነፉ፤ በ2006 ዓ.ም. በቻን ውድድር (በየሀገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ በሚሳተፉበት የአፍሪካ ሻምፒዮና) ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ ከተሸነፈ በኋላ ተሰናበቱ። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ተተክተው አንድ ዓመት ያህል ቆዩ፣ ከእርሳቸው በኋላም ሌሎች ተፈራረቁ፤ ሦስት የአፍሪካ ዋንጫዎች አልፈውን ወደ መድረኩ መመለሳችንን ያረጋገጥነው በ2013 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ዘመን ነው። ስንብቱ ትክክል ነበር አልነበረም በሚለው እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ለእኔ ግን ትልቁ ትምህርት «ማን ይመጣል፣ ምን ዓይነት ዕቅድ ይዞ ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ከስንብቱ በፊት መነሣት እንዳለበት ነው።

ስለሆነም «ይሰናበቱ» የሚል ሁሉ ተተኪውን ይንገረን። ሥራ የሌለውና በዚህ በጀት የሚመጣ ሰው ማነው? በእጃችን ያሉት ተጫዋቾች ለእርሱ አጨዋወት ይሆናሉ? የዝውውር መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ አሰልጣኝ የሚሠራው ባገኘው ቡድን ብቻ ነው፤ በውድድሩ አጋማሽ እረፍት ላይ የሚመጣ ግን ቢያንስ ጥቂት ሳምንት የዝግጅት ጊዜ ያገኛል። ውሉን ያለ በቂ ምክንያት ማቋረጥም ካሳ ያስከትላል፤ ያ ካሳ የሚከፈለው ለታዳጊ ቡድኑ ጫማና ለተጫዋች ደሞዝ ከሚውለው ገንዘብ ነው።

አነጋገርም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በቁጣም ጊዜ ቢሆን «አሰልጣኝ» ብለን በማዕረጋቸው እንጥራቸው። ብሔራቸውን፣ ሃይማኖታቸውን፣ ቤተሰባቸውን ማንሣት በፍጹም አይገባም፤ ይህንን የሚያደርገውን ሰው የሐሳብ ጓደኛችን ቢሆንም እዚያው እናስቁመው። መኖሪያ ቤታቸው ድረስ መሄድም ሆነ ሜዳ ላይ ዕቃ መወርወር ክለቡን ለቅጣት፣ ሰውየውን ለአደጋ ያጋልጣል። ልጆቻቸው እዚሁ ከልጆቻችን ጋር እንደሚማሩ አንርሳ።

በመጨረሻ ክርክሩ በወረቀት ይቋጭ። የተስማማችሁበትን በአንድ ገጽ ጻፉና በደጋፊ ማኅበሩ በኩል ለቦርዱ አስገቡ፤ የተቀበለ ሰው ፊርማና ቀን ይኑርበት። በገጹ ላይ ሦስት ነገሮች ይስፈሩ፤ በደብተር የተመዘገቡት ተደጋጋሚ ድክመቶች፣ ከቦርዱ የሚጠበቀው ድጋፍ፣ እንዲሁም ቁርጥ ያለ ቀንና መመዘኛ። ለምሳሌ «እስከ ዙሩ መጨረሻ ባሉት ስምንት ጨዋታዎች ከቆመ ኳስ የሚቆጠርብን ግብ ካልቀነሰና ቡድኑ ከወራጅ ቀጠና ካልወጣ፣ ቦርዱ ስለ ዋና አሰልጣኙ ቆይታ ውሳኔውን ከነምክንያቱ እንዲያሳውቀን እንጠይቃለን» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። መመዘኛው ከጨዋታዎቹ በፊት መጻፉ ዋና ነገር ነው፤ በኋላ ከተጻፈ እያንዳንዱ ሰው ስሜቱን ያስገባበታል።

ቀኑ ሲደርስ ያንኑ ወረቀት አውጡና ከደብተሩ ጋር አስተያዩት። መመዘኛው ከተሟላ፣ «ይሰናበቱ» ያልነውም ብንሆን ቃላችንን ጠብቀን አሰልጣኙን ደግፈን እንግባ። ካልተሟላ ደግሞ «ጊዜ ይሰጣቸው» ያሉት ሌላ ስምንት ጨዋታ አይጠይቁ፤ ከእኛ ጋር አብረው ይፈርሙ።