ካምፐር ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናችሁን በር ክፈቱ

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ስልኬ ላይ የካምፐር፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት የመኝታ ቤት ፎቶ ይበዛል። ነጭ፣ ረጅም፣ ውስጡ ለልጆች ተደራራቢ አልጋ ያለው። ከሥሩ ሁሌም ያው ጥያቄ ነው፦ «ሃይላንደሬ ይሄን ይጎትታል?» የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። የምተዳደረው በትራክ ሹፌርነት ነው። ቀኑን ሙሉ ጭነት ስጎትት ስለምውል፣ ካምፐር ያማረው ሁሉ እኔ ጋ ይደውላል። እኔም ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው፤ መኪናው ውስጥ የሚቀመጡት ልጆች ናቸውና።

መልሴ ግን ከካምፐሩ አይጀምርም። «የሹፌሩን በር ክፈትና እዚያ የተለጠፈውን ስቲከር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» እላለሁ።

ስቲከሩ ነጭና ቢጫ ነው። ስለ ጎማ ነፋስ ይናገራል። ከላይ በኩል ግን አንድ መስመር አለ፦ የተሳፋሪና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከዚህ ፓውንድ እንዳይበልጥ የሚል። ይቺ ቁጥር ፔይሎድ ትባላለች። ቤተሰብ ይዞ ለሚጎትት ሰው ወሳኟ ቁጥር እሷ ናት። ከዚያው ሞዴል ከሆነው ከጎረቤታችሁ መኪና ቁጥር ጋር እንኳ ላትመሳሰል ትችላለች፤ ሰንሩፉም፣ ሦስተኛው ረድፍ ወንበርም፣ ትልቁ ጎማም ይቀንስባታል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ አትፈልጓት። የራሳችሁን በር አንብቡ።

ሻጭ የሚነግራችሁ ሌላውን ቁጥር ነው። «5,000 ፓውንድ ይጎትታል።» ውሸት አይደለም። ግን አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ያንን ቁጥር የሚያወጡበት ኤስኤኢ ጄ2807 የሚባል መለኪያ መኪናው ውስጥ የሚያስበው ሁለት ሰው ብቻ ነው፣ እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ። ሦስት ልጅ፣ አያት፣ ኩለር ሙሉ ሥጋና የከሰል ምድጃ አላሰበም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ካምፐር ከኋላ ብቻ የሚከተል ዕቃ አለመሆኑ ነው። ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው በሂቹ፣ ካምፐሩ ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት ብረት በኩል መኪናው ላይ ያርፋል። ይሄ ታንግ ዌይት ይባላል። መኪናችሁ ጋሪ እየጎተተ ጀርባውም ላይ እንደተጫነበት ፈረስ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ሁሉ፣ ሰውም፣ ዕቃም፣ ታንግ ዌይቱም፣ ከፔይሎድ ይቀነሳል።

እስቲ አብረን እንቀንስ። የሃይላንደራችሁ ስቲከር 1,300 ፓውንድ ይላል እንበል። አባት 185፣ እናት 150፣ አያት 145፣ ሦስቱ ልጆች በድምሩ 250። ሰዉ ብቻ 730 ሆነ። 570 ቀረ። ሂቹ ራሱ 70 ፓውንድ ይመዝናል፤ 500 ቀረ። ከኋላ ኩለር፣ የልጆች ቦርሳ፣ ወንበር፣ የቡናው ሳጥን ከነጀበናውና ከነረከቦቱ፤ 130 በሉት። 370 ቀረ። እንግዲህ ካምፐሩ በአፍንጫው መኪናው ላይ መጫን የሚችለው 370 ፓውንድ ነው። ይሄ 13 በመቶ እንዲሆን ካምፐሩ ከነሙሉ ዕቃው 2,850 ገደማ መሆን አለበት።

5,000 የነበረው 2,850 ሆነ። ሰዎች እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። ቅር እንደሚል አውቃለሁ፤ ግን ይህን ሂሳብ ወረቀት ላይ ማየት ሀይዌይ ላይ ከማየት በጣም ይሻላል።

አንድ ወንድማችን ይሄን ሳያሰላ ነበር የገዛው። ሻጩ ቤት «ያለችግር ይጎትተዋል» ተብሎ፣ ሂቹም እዚያው ተገጥሞለት ወጣ። መጥቼ ሳየው የመኪናው ኋላ ቁጭ ብሏል፤ ጎማውና መከላከያው መሃል እጄ አያልፍም። አፍንጫው ተነስቷል። መሽቶ ስለነበር መብራቱን አበራው። መብራቱ መንገዱን ትቶ ከፊታችን ያለውን ዛፍ ቅርንጫፍ ነው ያሳየን። ይህ ማለት የፊት ጎማው ቀሏል ማለት ነው። የፊት ጎማ ሲቀል መሪው አይታዘዝም፣ ፍሬኑም ይደክማል። ባለቤቱ መሪውን ይዛ ስትሞክረው «ይንሳፈፋል» አለች። ትክክለኛው ቃል እሱ ነው።

አሁን ወደ ካምፐሩ ቁጥር እንምጣ። ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ድራይ ዌይት፣ ባዶ ክብደቱ ነው። ውሃ የለውም፤ ዕቃ የለውም፤ ብዙ ጊዜ ባትሪውም አልተቆጠረም። ባዶውን ካምፐር ደግሞ ማንም አይጎትትም። አንድ ጋሎን ውሃ ከ8 ፓውንድ በላይ ነው፤ 30 ጋሎን ታንክ ሞልታችሁ ከወጣችሁ 250 ፓውንድ ጫናችሁ ማለት ነው። ድስት፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ብስክሌት ሲደመር ቤተሰብ በቀላሉ ከ600 እስከ 800 ፓውንድ ይጭናል። ስለዚህ ሂሳባችሁን በባዶ ክብደት አትሥሩ። ካምፐሩ ጎን ላይ ባለው ስቲከር ጂቪደብሊውአር የሚለውን፣ ማለትም ተጭኖ እንዲደርስ የሚፈቀድለትን ከፍተኛ ክብደት ያዙ። እሱ ከሂሳባችሁ ካለፈ ካምፐሩ የእናንተ አይደለም።

2,850 ምን ይገዛል? ተደራራቢ አልጋ፣ መታጠቢያና ሽንት ቤት ያለው መደበኛ የቤተሰብ ካምፐር አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ከ3,500 ፓውንድ በላይ ነው። ስለዚህ ሃይላንደር፣ ፓይለት ወይም ሲዬና ለሚነዳ ቤተሰብ እኔ የምመክረው ፖፕ-አፕ ነው። ሲጎተት ዝቅ ያለ ሳጥን ነው፤ ሲቆም ጣሪያው ይነሳና በሁለቱም በኩል አልጋ ይወጣል። ስድስት ሰው ይተኛበታል። ዝቅ ማለቱ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ነፋስ ብዙም አይመታውም። ጎኑ ሸራ ስለሆነ ግን የድብ አገር ላይ ችግር አለ። የሎውስቶን ውስጥ ያለው ፊሺንግ ብሪጅ አርቪ ፓርክ በግሪዝሊ ድብ ምክንያት ጎኑ ጠንካራ ያልሆነ ካምፐር አያስገባም። ልባችሁ የሎውስቶን ከሆነ ሌላ ካምፕግራውንድ ያዙ። ሲዬና ሃይብሪድ እና ሃይላንደር ሃይብሪድ ደግሞ የመጎተት ልካቸው ራሱ 3,500 ነው። 5,000 ብላችሁ አትነሱ።

ትልቅ መኪና ያላችሁም ሂሳቡን አትዝለሉት። ማስታወቂያው ከ10,000 በላይ ይጎትታል የሚለው ኤፍ-150 ፒክአፕ በሩ ላይ 1,650 ፓውንድ ፔይሎድ ሊኖረው ይችላል። ያንኑ ቤተሰብ፣ 100 ፓውንድ ሂች፣ ከኋላው 150 ፓውንድ ዕቃ ቀንሱ። 670 ይቀራል። ካምፐሩ እስከ 5,150 ገደማ ይሆናል። በዚህ ክብደት ጥሩ ባለ ተደራራቢ አልጋ ካምፐር ይገኛል፤ 10,000 ግን የለም።

እኛ ኮሎራዶ ያለን ደግሞ ከፍታውን እንጨምርበት። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። አይ-70 ላይ አይዘንሃወር ቱኔል ከ11,000 ጫማ በላይ ነው። የሃይላንደሩ ቪ6 ታች 295 የፈረስ ጉልበት የነበረው እዚያ ሲደርስ 200 አካባቢ ነው። ዳገቱን በቀኝ መስመር፣ ከትራኮቹ ጋር፣ ቀስ ብላችሁ ውጡት፤ ምንም ነውር የለውም። እኔን የሚያሰጋኝ ቁልቁለቱ ነው። ከቱኔሉ ወደ ሲልቨርቶርን 7 በመቶ ቁልቁለት ለብዙ ማይል ይወርዳል። ፍሬን ይዞ መውረድ ፍሬን ማቃጠል ነው። ከአናቱ ላይ ሳላችሁ ማርሽ ቀንሱ፣ ሞተሩ ይያዛችሁ፣ ፍሬኑን ረገጥ አድርጋችሁ ልቀቁት። ካምፐሩ የራሱ የኤሌክትሪክ ፍሬን ሊኖረው ይገባል፤ ኮሎራዶ ውስጥ ከ3,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ተጎታች ፍሬን እንዲኖረው ሕጉም ያስገድዳል። መኪናው ውስጥ ደግሞ ብሬክ ኮንትሮለር፣ የካምፐሩን ፍሬን ከሹፌሩ ወንበር የምታዝ ዕቃ፣ መገጠም አለባት። እሷን ለመቆጠብ የሚሞክር ሰው ሲያጋጥመኝ አጥብቄ እከራከራለሁ።

ነፋስም አለ። ዋዮሚንግ፣ አይ-80፣ ከላራሚ እስከ ራውሊንስ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሹፌር ስሙን ሲሰማ መሪውን ይጨብጣል። ነፋሱ ሲበረታ መንገዱን «ቀላልና ከፍ ላለ ተሽከርካሪ ዝግ» ይሉታል። ቀላልና ከፍ ያለ ማለት ካምፐር ነው። ምልክቱ ከበራ ትራክ ስቶፕ ገብታችሁ እደሩ። ካምፐሩ ከኋላ መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬን አትርገጡ። እግራችሁን ከነዳጅ አንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርጉ፣ በኮንትሮለሩ ማንሻ የካምፐሩን ፍሬን ብቻ ያዙ። ውዝዋዜው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከባዱ ዕቃ ከኋላ ሲጫን ነው። የውሃ ጄሪካንና ኩለር ከአክስሉ፣ ጎማዎቹ ከተያያዙበት ዘንግ፣ ትንሽ ወደ ፊት ይቀመጥ።

ርዝመትም ቀድማችሁ አስቡ። ከትዊን ሌክስ ወደ አስፐን የሚያሻግረው ኢንዲፔንደንስ ፓስ መኪናና ተጎታች ተደምሮ 35 ጫማ ከሆነ አያሳልፍም። ሃይላንደር ብቻውን 16 ጫማ ይሞላል።

ውስጡን ስታዩ ሻጩ ሲያዞራችሁ ብቻ አትዩት። ሁላችሁም ግቡ፣ በሩን ዝጉ፣ እያንዳንዱ ሰው የሚተኛበት ቦታ ላይ ይጋደም። እናቴ አብራን ትሄዳለች፤ ጉልበቷ ያማታል። ለእሷ ጠረጴዛው ታጥፎ አልጋ የሚሆነው ቦታ ነው የሚመቸው፤ ዝቅ ያለ ነው፣ ሽንት ቤቱም በሁለት እርምጃ ነው። ግን ጠረጴዛው አልጋ ከሆነ እሷ እስክትነሳ ቁርስ የለም። ይሄ የቤታችሁ ጠባይ ከሆነ ጠረጴዛውና አልጋው የተለያየ ካምፐር ፈልጉ። በሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው የሚያዘልል ካምፐር ግን ከነጭራሹ አይሁን።

ስለ ምጣዱም ልንገራችሁ፤ ሁሉም ይጠይቀኛል። የቤተሰብ ካምፐር አብዛኛውን ጊዜ 30 አምፕ ነው። በ120 ቮልት 3,600 ዋት ማለት ነው። ኤሲው ሲሠራ 1,500 ገደማ ይወስዳል። ውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከሆነ ሌላ 1,400። የቀረው ለምጣድ አይበቃም፣ ብሬከሩ ይጥላል። ምጣዱን ገልብጣችሁ ዋቱን አንብቡ። መጋገር ካለባችሁ ኤሲውንም ማሞቂያውንም አጥፉና ጋግሩ። ብዙ የናሽናል ፓርክ ካምፕግራውንድ ላይ ግን መብራት ጭራሽ የለም። እኛ እንጀራውን ቤት ጋግረን ነው የምንወጣው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ጠላታችሁ ውሃ ነው። ግድግዳውን በተለይ ማዕዘኖቹንና ከመስኮት ሥር በመዳፋችሁ ተጫኑ። ከለሰለሰ እንጨቱ በስብሷል፤ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት። ዝናብ በዘነበ ማግስት ሂዱ ቢቻላችሁ። ጎማውን በጥርሱ አትፍረዱ፤ ብዙ ቆሞ ስለሚውል ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ኮድ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከስድስት ዓመት ካለፈ የአዲስ ጎማ ዋጋ ከመሸጫው ላይ አስቀንሱ።

ገዝታችሁ የመጀመሪያውን ጉዞ ስትወጡ፣ ሙሉ ቤተሰብና ሙሉ ዕቃ እንደያዛችሁ ትራክ ስቶፕ ውስጥ ያለው ካት ስኬል የሚባል የመኪና ሚዛን ላይ ውጡ። ለትራክ ብቻ አይደለም፤ ማንም ከፍሎ ይመዝናል። የፊት ጎማ አንደኛው ሰሌዳ ላይ፣ የኋላ ጎማ ሁለተኛው ላይ፣ ካምፐሩ ሦስተኛው ላይ እንዲሆን ቁሙ። ወረቀቱን ተቀበሉ። ከዚያ ካምፐሩን ፓርኪንግ ላይ ፍቱና መኪናውን ብቻውን፣ ሰዎቹ እንዳሉበት፣ መልሳችሁ መዝኑ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለተኛው ሚዛን ይረክሳል። የመኪናው የፊትና የኋላ ድምር በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ያለው ልዩነት ካምፐሩ መኪናችሁ ላይ የጫነው ክብደት ነው። ተያይዞ ሳለ የፊት ጎማው ብዙ ከቀለለ ክብደቱን ወደ ፊት ጎማም የሚያከፋፍል ዌይት ዲስትሪቢውሽን ሂች ያስፈልጋችኋል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ማንዋሉን አንብቡ፣ የሚከለክል መኪና አለ። የኋላው አክስል በሩ ላይ ከተጻፈው ካለፈ እዚያው ፓርኪንግ ላይ ከመኪናው ወደ ካምፐሩ፣ ከአክስሉ አጠገብ፣ ዕቃ አዛውሩና እንደገና መዝኑ።