የዱር ተርኪ የሚያድርበትን ዛፍ በአደን ዋዜማ እንዴት ማግኘት ይቻላል?

የዱር ተርኪ ቀን ላይ አዳኝን የሚያደክም ወፍ ነው። ዓይኑ እጅግ የሰላ ነው፤ ጥቂት ከተጠራጠረ ይሮጣል ወይም ይበራል፤ ጠዋት የነበረበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ማታ ግን ከኮዮቴ (ተኩላ መሰል አውሬ)፣ ከቀበሮና ከቦብካት (የዱር ድመት) ለመሸሽ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላም ካልተረበሸ በስተቀር እስኪነጋ ከቅርንጫፉ አይወርድም። በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ያለበትን ቦታ በእርግጠኝነት ማወቅ የሚቻለው በእነዚህ ሰዓታት ብቻ ስለሆነ፣ ዋዜማውን በደን ውስጥ ያሳለፈ አዳኝ ጎህ ሲቀድ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

እዚህ ላይ ምሳሌ የማደርገው ቨርጂኒያን ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን በመኪና የሚደረስበት ነው። አጠገቡ ያለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ግን አደን የተከለከለበት ስለሆነ ድንበሩን በካርታ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። የቨርጂኒያ የፀደይ አደን በኤፕሪል መሐል ገደማ ይጀምራል፤ የሚፈቀደውም ደረቱ ላይ ጢም ያንጠለጠለ ተርኪ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አደኑ እኩለ ቀን ላይ ስለሚዘጋ ምሽቱ ለፍለጋ ነፃ ነው። ደንቡ በየግዛቱ ይለያያልና ፈቃድ ስታወጡ የዘንድሮውን መመሪያ አንብቡ። ለምሽቱ ጉዞ ጠብመንጃ አያስፈልግም፤ ቤት ይቅር።

ቀን ላይ ምልክት መፈለግ

ከተቻለ ከሰዓት በኋላ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ተርኪ ለማደር የሚመርጠው ግንዱ ወፍራም፣ ቅርንጫፎቹም በአግድም የተዘረጉ ትልቅ ዛፍ ነው። በምሥራቁ ተራራማ አገር ይህ ዛፍ ብዙ ጊዜ ኦክ፣ ጥድ ወይም በጅረት ዳር የበቀለ ሲካሞር ነው። ዛፉ ከሸንተረሩ ጫፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ በተዳፋቱ ላይ ከሆነ ይበልጥ ይመቸዋል፤ ከላይኛው መሬት ተነሥቶ በአጭር በረራ ቅርንጫፉ ላይ ያርፋል፣ ጠዋትም ወደዚያው ወደ ላይኛው መሬት ይወርዳል። ይህን የመውረጃ ልማድ አስታውሱት፤ ነገ ጠዋት የምትቀመጡበትን ቦታ የሚወስነው እርሱ ነው።

ከዛፉ ሥር ኩስ ፈልጉ። አንድ ላይ የተከማቸ ብዙ ኩስና የወደቁ ላባዎች ካያችሁ ማደሪያ አግኝታችኋል። የአውራው ኩስ ረዘም ብሎ ጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል፤ የሴቷ ደግሞ ተጠቅልሎ የተቆለለ ነው። በአካባቢው የደረቀ ቅጠል ተጭሮ ጥቁሩ አፈር ከታየ መንጋው እዚያ ይመገባል ማለት ነው። ትኩስ ኩስ እርጥብ ነው፤ ደርቆ የነጣው ያለፈ ታሪክ ነው።

የማዳመጫ ቦታ መያዝ

ፀሐይ ከመጥለቋ 45 ደቂቃ ያህል ቀድማችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀመጡ። ሁለት ሸለቆ የሚያዋስን ሸንተረር ከሁሉ ይሻላል፤ ድምፅ ከሁለቱም ወገን ወደ እናንተ ይወጣል። የመኪና በር በቀስታ ዝጉ፤ ጮክ ብላችሁ አታውሩ። ነፋስ የበዛበት ምሽት ጆሮን ያደነቁራል፤ በእንዲህ ያለ ቀን ተርኪዎቹም ከጫፉ ርቀው ነፋስ ወደማይደርስበት ሸለቆ ይወርዳሉ። ስለዚህ እናንተም ወደዚያው ውረዱ።

ማዳመጥና ማስጮህ

የምሽቱ ዋና ሥራ ይህ ነው፤ ትዕግሥትም የሚፈተነው እዚህ ነው። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ፀሐይ በምትጠልቅበት ሰዓት ግድም ተርኪዎች ወደ ዛፍ ሲወጡ ከባድ የክንፍ መርገብገብና የቅርንጫፍ መሰባበር ይሰማል። አውራው በርካታ ኪሎ የሚመዝን ወፍ በመሆኑ አወጣጡ ድምፅ አልባ ሊሆን አይችልም። ሴቶቹም ከወጡ በኋላ ቦታ እየቀያየሩ በለስላሳ ድምፅ ይጠራራሉ። እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው ይህን የክንፍ ድምፅ ነው፤ ምክንያቱም አውራው ያለበትን ዛፍ ብቻ ሳይሆን ሴቶቹ የት እንዳደሩም ይነግራል።

በፀደይ አውራው ድንገተኛ ከፍተኛ ድምፅ ሲሰማ ሳያስበው ጉርጉር ብሎ ይመልሳል። የነጎድጓድ ድምፅ፣ የመኪና በር፣ የቁራ ጩኸት፣ ሁሉም ያስጮኸዋል። አዳኞች አብዝተው የሚጠቀሙት ባርድ አውል የሚባለውን የጉጉት ጥሪ ነው። ጥሪው ስምንት ድምፅ ያለው ሲሆን በአፍም ሆነ በትንሽ ማስጮኺያ ይወጣል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ገና ብርሃን ሳለ አንድ ጊዜ ጥሩ። በአጭር ጥሪ ጀምሩ፤ ጥሪው ከረዘመ መልሱ በራሳችሁ ድምፅ ሊዋጥ ይችላል። ከዚያ ዝም በሉ፤ ካልመለሰ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙ። አሁንም ዝም ካለ ወደ ሌላ ሸንተረር ተሻገሩ።

የሴት ተርኪን ጥሪ ግን በዚህ ሰዓት አታሰሙ። አውራው ነቅቶ ያለ ፍሬ እንዲጠብቅ ታደርጉታላችሁ፤ ነገ የምትፈልጉትን ጥሪ ዛሬ ታባክናላችሁ። የአውራን ጩኸት ማስመሰል ደግሞ በሕዝብ ደን ውስጥ አደገኛ ነው፤ ሌላ አዳኝ ወደ ድምፁ ሊመጣ ይችላል።

መልስ ስትሰሙ ወደ ድምፁ አትሩጡ። ባላችሁበት ሆናችሁ በኮምፓስ አቅጣጫውን ያዙ፤ ከዚያ ወደ ጎን ጥቂት ተጉዛችሁ እንደገና አስጩኹት። ሁለቱ መስመሮች በካርታ ላይ የሚገናኙበት ቦታ ዛፉ ነው። ርቀቱን ስትገምቱ ተጠንቀቁ፤ ወፉ ፊቱን ወዲያ ካዞረ ድምፁ ከእውነተኛው ርቀት ይልቅ የራቀ ይመስላል፤ ቅጠል ሲበዛም ድምፅ ይታፈናል።

በጸጥታ መውጣት

ከዛፉ ቢያንስ 200 ሜትር ያህል ራቁ። ወፉን በዓይን ለማረጋገጥ የሚደረግ እርምጃ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለው ነው፤ የተረበሸ ተርኪ በጨለማ በርሮ ሌላ ቦታ ያድራል፤ ምሽቱም ነገውም ይበላሻል። ቅርንጫፍ ላይ ያደረን ተርኪ መተኮስ በብዙ ግዛቶች በሕግ የተከለከለ ነው፤ ባይከለከልም አላደርገውም። ይህ ወፍ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከብዙ ግዛቶች ጠፍቶ ነበር፤ የተመለሰው ሰዎች ከተረፈበት በመረብ እየያዙ ወደ ጠፋበት ወስደው በመልቀቃቸው ነው። ለእንዲህ ያለ ፍጥረት የማምለጫ ዕድል መተው ተገቢ ነው።

ጨለማ እስኪሆን ቆዩ፤ ከዚያ በስልክ ካርታ ላይ የዛፉን ቦታ፣ የመግቢያ መንገዱንና በመካከል ያለውን ጅረት ወይም አጥር መዝግቡ። በተራራ ላይ የስልክ መስመር ስለማይታመን ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱ፤ የት እንደሆናችሁም ለቤተሰብ ንገሩ። ወደ ቤት ስትመለሱ ሰውነታችሁን ለመዥገር ፈትሹ፤ በዚህ አካባቢ በመዥገር የሚተላለፍ የላይም በሽታ አለ።

ጎህ ከመቅደዱ በፊት መመለስ

ሰማዩ መገርጣት ሳይጀምር ቦታችሁን ያዙ። ከዛፉ ከ100 እስከ 150 ሜትር፣ በተዳፋቱ ላይ ከወፉ እኩል ወይም ከፍ ብሎ፣ ጅረትና አጥር በመካከል ሳይኖር ትከሻችሁን በሚሸፍን ወፍራም ግንድ ላይ ጀርባችሁን ደግፋችሁ ተቀመጡ። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ልብስ አትልበሱ፤ የተርኪ ራስ የሚይዛቸው ቀለሞች ስለሆኑ ሌላ አዳኝ ተርኪ መስላችሁት ሊተኩስ ይችላል።

በምሥራቁ አገር ተርኪ በየሌሊቱ አንድ ዛፍ ላይ ላያድር ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ያገኛችሁትን ለሌላ ሳምንት አትቆጥቡት፤ ሆኖም ከመዝገባችሁ አታጥፉት። ባዶ ያገኛችሁት ዛፍ በሌላ ምሽት እንደገና ይያዛል፤ የሦስትና የአራት ማደሪያዎች ካርታ ያለው ሰው የሚቀጥለውን ፍለጋ የት እንደሚጀምር አይቸግረውም።