አሮጌ ስፖርት መኪና ዘይት ሲያንጠባጥብ የምንሰራቸው ስህተቶች

ጠዋት መኪናችሁን ስታንቀሳቅሱ ስሯ ሳንቲም የምታክል ጥቁር ጠብታ ካገኛችሁ አትደንግጡ፣ 25 እና 30 አመት የሞላው ሞተር ላይ ያለው ጎማና ኦሪንግ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዝ ክብ የጎማ ቀለበት) በሙቀት ብዛት ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ስለሚሆን ትንሽ ማንጠባጠቡ የሚጠበቅ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ምንጩ ሳይታወቅ እቃ መቀየር ሲጀመር ነው።

ከሁሉም የባሰው ስህተት ጠብ የሚልበትን ቦታ የሚያፈስበት ቦታ ነው ብሎ ማመን ነው። ዘይት ቁልቁል ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ንፋሱ ወደኋላ ይገፋዋል፣ ስለዚህ ከላይ ከፊት የወጣው ዘይት የሞተሩን ጎን ይዞ በየብሎኑ ዞሮ ዞሮ መጨረሻ ላይ ከኋላ ታች ነው ጠብ የሚለው። መፈለግ ያለባችሁ ከሁሉም ከፍ ብሎ ወደፊት ያለውን እርጥብ ቦታ ነው። ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን ከ1989 እስከ 1997 የተሰራችው የመጀመሪያዋ ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ናት፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጀርባ ላይ የካምሻፍቱን አዟዟር የሚከታተል ካም አንግል ሴንሰር የሚባል አለ፣ እሱ ላይ ያለችው ኦሪንግ ስትደርቅ ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ ሞተርና ካምቢዮ የሚገናኙበት ጋር ይንጠባጠባል። ከስር ተኝቶ ለሚያይ ሰው የኋላው የክራንክሻፍት ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ጎማ) የሄደ ነው የሚመስለው፣ እሱን ለመቀየር ደግሞ ካምቢዮ መውረድ ፍሪሲዮን መፈታት አለበት። አንድ ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ አሰርቶ በሳምንቱ ያችው ጠብታ እዛው ቦታ ላይ ጠበቀችው፣ ኦሪንጓ ግን አንድ ብሎን ተፈትቶ የምትቀየር ትንሽዬ ነገር ነበረች። (ሴንሰሩን ከመፍታታችሁ በፊት የነበረበትን ቦታ በደንብ ምልክት አድርጉበት፣ ትንሽ ከዞረ የኢግኒሽን ታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ይለወጣል።)

ሳያጥቡ መፈለግም አለ። የአመታት ቆሻሻ የተለጠፈበት ሞተር ላይ የዛሬውን ዘይት ከድሮው መለየት አይቻልም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቅባት ማስለቀቂያ ነፍታችሁ በብሩሽ አሽታችሁ በጨርቅ አድርቁት፣ በሀይለኛ ውሃ ግን አትምቱት፣ ካንዴላው ጉድጓድና የሽቦ ሶኬቶች ውስጥ ውሃ ገብቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ከዛ ቆሞ 15 ደቂቃ ይስራ፣ በእጅ ባትሪ እያበራችሁ እዩት፣ ካልታየ ትንሽ ነድታችሁ እንደገና እዩት፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ዘይቱ ሲግልና ግፊት ሲኖር ብቻ ነው የሚያፈሰው። አሁንም እምቢ ካለ የጠረጠራችሁት ቦታ ላይ ታልክ ፓውደር ነስንሱበት፣ ዘይቱ የመጣበትን መንገድ ነጩ ላይ ስሎ ያሳያችኋል። ዘይቱ ውስጥ የሚጨመር ቀለምም አለ፣ የተወሰነ ተነድቶ ጨለማ ውስጥ በዩቪ መብራት ሲታይ የሚያፈስበት ቦታ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፣ ከተቻለ እኔ እሱን ነው የምመርጠው።

የሞተር ዘይት መሆኑን ሳያረጋግጡ መሮጥም ያሳስታል። ማታ ካርቶን አንጥፉና የጎማዎቹን ቦታ ካርቶኑ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ጠዋት ጠብታው የት እንዳረፈ ቀለሙም ምን እንደሆነ ታያላችሁ። ቀይ ከሆነ ብዙ ጊዜ የመሪ ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፣ የማንዋል ካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት እንደ ድኝ ይሸታል፣ ውሃ ውሃ የሚል ባለቀለም ከሆነ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው። ጎማ አካባቢ ቀጠን ያለ ፈዛዛ ቢጫ ፈሳሽ ካያችሁ የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል ሳይታይ አትንዱት።

ብሎን ማጥበቅ! ብዙ ሰው የቫልቭ ካቨሩ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጠርዝ እርጥብ ከሆነ ቁልፍ አንስቶ ባለ በሌለ ሀይሉ ያጠብቃል። የዛችው የማዝዳ የቫልቭ ካቨር ብሎን ከ5 እስከ 9 ኒውተን ሜትር ነው የሚፈልገው፣ ይሄ በጣም ትንሽ ነው፣ ከዛ በላይ ሲሆን ጋስኬቱ (በክዳኑና በሞተሩ መሀል ያለው ማሸጊያ) ይጨፈለቃል፣ ካቨሩ ይጣመማል፣ ብሎኑም ሊሰበር ይችላል። የደረቀ ጋስኬት ተጠብቆ አይለሰልስም፣ መቀየር ነው ያለበት። ማሸጊያ ሲልከንም አምራቹ ቀቡ ያለበት ጥግ ላይ ብቻ ትንሽ ይቀባል እንጂ ዙሪያውን አይለቀለቅም፣ ወደውስጥ የተረፈው ተቆርጦ ዘይት መሳቢያውን ወንፊት ሊዘጋ ይችላል።

ከብዙ ቦታ በአንዴ የሚያፈስ ከሆነ ወይም አዲስ የገባ ሲል ወዲያው ካፈሰ ፒሲቪ ቫልቩን (ሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጋዝ የሚያስወጣውን) ሳታዩ ሌላ ነገር አትንኩ። እሱ ሲዘጋ ሞተሩ ውስጥ ያለው ግፊት መውጫ ያጣና ዘይቱን በየሲሉ ይገፋዋል። አውጥታችሁ ስታራግፉት ድምፅ ከሌለው ተጣብቋል ማለት ነው፣ ቱቦውንም እዩት።

ቀላሎቹንም አትዝለሉ፣ የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ዋሸር፣ የዘይት ፕሬዠር ሴንሰር፣ የድሮው ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ በላዩ የታሰረ ፊልትሮ።

መሬት ላይ ባለው ጠብታ መጠኑን መገመትም ስህተት ነው። 1 ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር አካባቢ ናት፣ 1 ሊትር ማለት 20,000 ጠብታ ነው፣ እና በየቀኑ ሁለት ሶስት ጠብታ እያያችሁ በወር 1 ሊትር ከጎደለ ዘይቱ ወይ እየተቃጠለ ነው ወይ ስትነዱ ነው የሚወጣው። አለካኩም ራሱ ይለያያል፣ ለምሳሌ በአየር የሚቀዘቅዘው የድሮው ፖርሽ 911 ዘይቱ የሚለካው ሞተሩ ግሎ እየሰራ ሜዳ ላይ ቆሞ ነው፣ ቀዝቃዛ ለክቶ የጎደለ መስሎት የሚሞላ ሰው ትርፉ ዘይት ወደ አየር ማጣሪያው ይገባበታል።

ማፍሰስ ያቆማል የሚባለው ኬሚካል ጎማውን ትንሽ ያሳብጥ ይሆናል፣ የተሰነጠቀውን ግን አይሰፋም፣ ምንጩንም ስለሚደብቅባችሁ ሳይታወቅ አትጨምሩት።

ከስር ስትገቡ ክሪክ ብቻ አትመኑ፣ መኪናው ጠንካራ መደገፊያ ላይ ይቀመጥ። ጠብታዋ የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ የምታርፍ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ናት ብላችሁ አትለፏት፣ እሳት ልታስነሳ ትችላለች። ታይሚንግ ቤልት ላይ ከደረሰችም እንደዛው፣ ዘይት የነካው ቤልት ቶሎ ይበላሻል።

ከተሰራ በኋላ እንደገና እጠቡትና ከሳምንት በኋላ በባትሪ እዩት፣ በትልቁ ተሸፍኖ የነበረ ሁለተኛ ምንጭ ካለ ያኔ ይታያችኋል።