ከደሴት የምትመለሱበትን ቀን በዋዜማው ጀምሩት

ከልጆች ጋር ከምትወዱት ሞቃታማ ደሴት የምትመለሱ ከሆነ፣ የመጨረሻው ዋና ከዋዜማው ቀትር ባያልፍ ጥሩ ነው። የዋና ልብስ እርጥበት ባዘለ የባሕር አየር ቶሎ አይደርቅም፤ እርጥቡን ከታሸገ ደግሞ ሻንጣው በሙሉ ይሸታል። በመነሻው ጠዋት ልጆቹ እግራቸውን ብቻ ነክረው ባሕሩን ይሰናበቱ። እኛ ቤት ይህችን አጭር ስንብት ከጀመርን ወዲህ ለቅሶው ቀንሷል።

ከቤተሰቡ በአየር ሲሊንደር ጠልቆ የሚዋኝ ካለ ግን ነገሩ የጤና ጉዳይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ከጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ አይብረር፤ ሙሉ 24 ሰዓት ቢሆን ደግሞ እመርጣለሁ። በጥልቁ ውኃ ሰውነት ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን፣ በአውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊቱ ሲቀንስ አረፋ ሠርቶ ሊጎዳው ይችላል። ላይ ላዩን ለዋኙት ይህ አያሰጋም።

የልጆቹን ኪስም ፈትሹ። ኮራልና አንዳንድ የዛጎል ዓይነቶች ድንበር የሚሻገሩት ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚገዛው በዓለም አቀፉ የሲቲስ ስምምነት ቁጥጥር ነው፤ ያለ ፈቃድ ከተገኙ ሊወረሱ ይችላሉ። ልጅ የወደደውን ዛጎል ፈታሽ ፊት ሲነጠቅ ማየት ያሳዝናል። ፎቶ አንሱለትና ራሱ ወደ ባሕሩ ይመልሰው።

ወደ አየር ማረፊያው በጀልባ የምትሻገሩ ከሆነ የመጨረሻዋን ጀልባ አትጠብቁ፤ ነፋስ ከበረታ ጉዞው ይሰረዛል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደረቅ ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ ፓወር ባንክም እዚያው ይሁን፣ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም።