የጁገልን (በግንብ የታጠረውን የሐረር አሮጌ ከተማ) ካርታ በቤት ኮምፒውተር ለማስተካከል የቱ ሶፍትዌር ይሻላል?

መጀመሪያ ፋይሉን እዩ። ስካን የተደረገ ወረቀት ከሆነ ጊምፕ የተባለው የሥዕል ማስተካከያ ይበቃል፤ ነፃ ነው፣ ሌየርም (ጽሑፍና ሥዕል ለየብቻ የሚቀመጥበት ንብርብር) አለው። ፔይንት ላይ ግን የአምስቱን ነባር በሮች ስም አንዴ ከጻፋችሁ ጽሑፉ ሥዕሉ ላይ ይጣበቃል፤ ማረም የለም።

ስካኑን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) አንሱና በፒኤንጂ የፋይል ዓይነት አስቀምጡ። ጄፔግ የመስመሩን ዳር ስለሚያደበዝዝ ቀለም ሲሞላ ነጫጭ ነጠብጣብ ይቀራል። ካጋጠማችሁ የባልዲውን (የቀለም መሙያውን) ትሬሾልድ፣ ማለትም ምን ያህል የተለየ ቀለም ድረስ እንደሚሞላ የሚወስነውን ቁጥር፣ ከ15 ወደ 40 ገደማ ከፍ አድርጉ። በጠባቦቹ የጁገል መንገዶች ላይ መስመር ከተቋረጠ ደግሞ ቀለሙ ወደ ጎረቤት ሰፈር ይፈሳል፤ ክፍተቱን ቀድማችሁ በእርሳሱ ዝጉ።

ካርታው ከኦፕንስትሪትማፕ (ነፃ የኢንተርኔት ካርታ) በኤስቪጂ (ሥዕሉን በነጥብ ሳይሆን በመስመር የሚይዝ ፋይል) የወረደ ከሆነ ግን የሚሻለው ሶፍትዌር ኢንክስኬፕ ነው፤ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢጎላ አይደበዝዝም። የአማርኛው ፊደል ባዶ ሳጥን ከሆነባችሁ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ፎንት ጫኑ።