ጆሮን ከከባድ ድምፅ እንዴት መጠበቅ ይቻላል? ለወፍጮ ቤት፣ ለወርክሾፕ፣ ለሠርግና ለኢርፎን

ጅማ ውስጥ ጆሮ የሚጎዳ ድምፅ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወፍጮ ቤቱ አለ። በርጩማና ወንበር የሚሠሩት የእንጨት ሥራ ቤቶች አሉ። ቡና ሲደርስ መፈልፈያው ይነሳል። መብራት ሲጠፋ በየሱቁ ደጃፍ ጄኔሬተር ይጮኻል። የሠርግ ወቅት ሲመጣ ደግሞ ሞንታርቦ አለ።

እኔ ያደግኩት ወፍጮ ቤት ጓሮ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እህል ሲፈጭ ኖሯል። ዛሬ ሰው ሲያናግረው አፍ አፉን ነው የሚያየው። "ሰባት" ሲሉት "ሰባ" ይሰማል። ድምፁ ይደርሰዋል፣ ቃሉ ግን ይጠፋበታል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ህዋሳት አሉ። ስንወለድ በእያንዳንዱ ጆሮ ወደ 15 ሺህ ገደማ ይሆናሉ። ከባድ ድምፅ መጀመሪያ የሚጎዳው ቀጫጭን ድምፆችን የሚቀበሉትን ነው። "ስ"፣ "ፍ"፣ "ት" ከሌላው ቀድመው ይጠፋሉ፤ የሕጻናትን ንግግር መለየትም ይከብዳል። የሞተው ህዋስ አይተካም። ቀዶ ሕክምናም ሆነ እንክብል አይመልሰውም። አያምም፣ አይደማም፣ ስለዚህ ሰው ሳያውቀው ዓመታት ያልፋሉ።

1. ድምፁን ገምቱ

መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ከቆመ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለጋችሁ፣ ድምፁ ወደ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ደርሷል ወይም አልፏል። የስልክ መለኪያ አፕም አለ። ግምት ነው የሚሰጠው፣ ግን ከምንም ይሻላል።

85 የተመረጠው በምክንያት ነው። ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም በዚህ መጠን በቀን እስከ 8 ሰዓት ይፈቅዳል። ከዚያ በኋላ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት። 100 ከደረሰ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። "ትንሽ ነው የጨመረው" የሚባለው ነገር ጆሮ ላይ ትንሽ አይደለም።

2. ራቁ፣ ማሽኑንም አስተካክሉ

ሜዳ ላይ ከድምፁ ያላችሁን ርቀት እጥፍ ስታደርጉ 6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። በቆርቆሮ በተሠራ ቤት ውስጥ ግን ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ስለሚላተም ያን ያህል አይቀንስም። ስለዚህ እህል ሊያስፈጩ የመጡ እናቶች ውስጥ ተደርድረው ከሚጠብቁ ደጅ ቢቀመጡ ይሻላል። አግዳሚ ወንበሩን አውጥቶ ዛፍ ሥር ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለውም።

ማሽኑ የሚጮኸው ሁሌ ስለሚሠራ ብቻ አይደለም። ቡሎን ሲላላ፣ ቺንጋ ሲያረጅ፣ መላጊያው ምላጭ ሲደንዝ ጩኸቱ ይብሳል። ቡሎኑን አጥብቁ፣ ከእግሩ ሥር ወፍራም ጎማ አድርጉ። ጄኔሬተር ከሆነ ከሰው ራቅ አድርጋችሁ ደጅ አኑሩት፤ ጭሱም ይገድላልና ቤት ውስጥ በፍጹም አታስነሱት።

3. የጆሮ መድፈኛ በትክክል አድርጉ

ዋናው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው መድፈኛ ገዝቶ፣ ጆሮው ደጃፍ ላይ ጣል አድርጎ፣ "አይሠራም" ይላል። የሚሠራው ቀዳዳው ውስጥ ከገባ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ጥጥን እንተወው። አባቴ ሁልጊዜ ጥጥ ይወትፍ ነበር። ጥጥ ዱቄት ያስቀራል፣ ድምፅ ግን አያስቀርም ማለት ይቻላል። ጉዳቱ ደግሞ ተጠብቄያለሁ ብሎ ማሽኑ አጠገብ ቀኑን ሙሉ መዋሉ ነው። የስፖንጅ መድፈኛ የሥራ ደህንነት ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች ጠይቁ።

እጃችሁን ታጠቡ። ዱቄትና ሰጋቱራ የነካው እጅ ጆሮ ውስጥ አይገባም። ከዚያ ስፖንጁን በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ቀስ እያላችሁ አሹት። መጭመቅ አይደለም፣ ማሸት ነው። ሳይሸበሸብ እንደ ጧፍ ቀጭን እስኪሆን ድረስ።

አሁን የምታደርጉት ቀኝ ጆሮ ከሆነ መድፈኛውን በቀኝ እጃችሁ ያዙ። ግራ እጃችሁን በራሳችሁ ላይ አሻግራችሁ የቀኝ ጆሯችሁን የላይኛውን ጫፍ ያዙና ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉት። የጆሮ ቀዳዳ ጠመዝማዛ ነው፤ ሲሳብ ነው የሚቃናው። ይህን የሚዘሉት ናቸው "ትልቅ ነው፣ አይገባም" የሚሉት። እንደተሳበ አስገቡት፣ ከዚያ በጣታችሁ ጫፍ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ደግፋችሁ ያዙት። ስፖንጁ እየነፋ ቀዳዳውን ይሞላል። ቶሎ ከለቀቃችሁት ወደ ውጪ ተገፍቶ ይወጣል።

ፈተናው ቀላል ነው። ማሽኑ እየሠራ ሁለቱን ጆሮዎች በመዳፋችሁ ክድን ክፍት አድርጉ። ድምፁ ብዙም ካልተለወጠ በደንብ ገብቷል። በመዳፍ ሲከደን ድምፁ በጣም ከቀነሰ አውጡትና እንደገና አድርጉ። የራሳችሁ ድምፅ ወፍሮ ከውስጥ የሚመጣ ከመሰላችሁም ጥሩ ምልክት ነው።

ስታወጡት እያዞራችሁ ቀስ በሉ። መንጭቆ ማውጣት ታምቡር ያሳምማል። ስፖንጁ ከቆሸሸ ወይም ታሽቶ ካልተመለሰ ጣሉት። ከጆሯችሁ መግል የሚወጣ ከሆነ መድፈኛ አታድርጉ። ያኔ ጭንቅላት ላይ የሚጠለቀው የጆሮ መሸፈኛ ይሻላል፣ ሐኪምም ማየት አለበት።

መድፈኛው ስንት ዴሲቤል እንደሚቀንስ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሙሉ በሙሉ አትመኑ። በላብራቶሪ የተለካ ነው፤ በሥራ ላይ ግማሹን ብታገኙ ጥሩ ነው። ደግሞ "ደንበኛ መጣ" እያሉ ማውለቅ አለ። ከ8 ሰዓት ሥራ 4ቱን ካወለቃችሁት፣ ምርጥ መድፈኛ እንኳ ከ3 ዴሲቤል ገደማ በላይ አያተርፍላችሁም። ማውራት ካስፈለገ ማሽኑን አጥፉ፣ ወይም ደጅ ውጡ።

4. ኢርፎን

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤልን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይፈቅዳል። 90 ላይ ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ። ችግሩ ባጃጅ ውስጥ ነው። የሞተሩን ድምፅ ለመሸፈን ሰው ሳያስበው እስከ ላይ ይከፍተዋል። ስለዚህ ድምፁን ቤት ውስጥ ፀጥ ባለበት ወስኑና መንገድ ላይ አትጨምሩ። ካልተሰማችሁ አቁሙት። ብዙ ስልኮች ቅንብራቸው ውስጥ የድምፅ ገደብ አላቸው፣ ለልጆቻችሁ ስልክ አብሩት። ጓደኛችሁ አጠገባችሁ ቆሞ ከኢርፎናችሁ ዘፈኑን ከሰማ በጣም ከፍ ብሏል።

5. ሠርግና ድግስ

ድንኳን ውስጥ ከሞንታርቦው ፊት አትቀመጡ። ሕጻን የያዘች እናት ደግሞ ከዚያ አካባቢ በጭራሽ። "እማማ፣ እዚህ ይሻላችኋል" ብሎ ቦታ መቀየር ነውር የለውም። እረፍት እየወሰዳችሁ ውጡ፣ ደጅ ትንሽ ቆይታችሁ ተመለሱ።

6. ምልክት ሲታይ

ከጩኸት ወጥታችሁ ጆሯችሁ ጭው ካለ፣ ወይም ሰው ከመጋረጃ ጀርባ የሚያወራ ከመሰላችሁ፣ ጆሯችሁ ተጎድቷል ማለት ነው። በማግሥቱ ቢሻልም ጉዳቱ የለም ማለት አይደለም። ቀሪውን ቀን ፀጥታ ስጡት። ኩክ ነው ብላችሁ ክብሪት አታስገቡ። ዘይትም፣ ነጭ ሽንኩርትም አትጨምሩ።

አንዱ ጆሮ ድንገት ከተደፈነና መስማት ካቆመ ግን "ነገ ይለቀኛል" አትበሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጀመር ሕክምና ነው የተሻለ ዕድል ያለው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል አለ። ሪፈር ካስፈለገ የአካባቢያችሁን ጤና ጣቢያ በዚያው ቀን ጠይቁ። በወፍጮ ወይም በመጋዝ ማሽን የምትሠሩ ከሆነ ጤነኛ ሆናችሁም የመስማት ምርመራ ጠይቁ። ውጤቱን አስቀምጡት፣ የሚቀጥለው ዓመት ከእሱ ጋር ይነጻጸራል።