ኦቨርድራፍት ተቆርጦባችሁ ለማስመለስ ስትሞክሩ የሚበላሹ ነገሮች

ኦቨርድራፍት ማለት ካላችሁ ገንዘብ በላይ ወጥቶ ሂሳባችሁ ከዜሮ በታች ሲወርድ ነው። ባንኩ ለዚህ፣ ወይም አንድን ክፍያ ገንዘብ የለም ብሎ ሲመልስ፣ የሚቆርጠውን ገንዘብ እዚህ ቅጣት እለዋለሁ። በአሜሪካና በእንግሊዝ የሚኖሩ ሰዎች ስለዚህ ከባንክ ጋር ሲከራከሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ደብዳቤ አነብላቸዋለሁ፤ ስልክ ላይም አስተረጉማለሁ። አብዛኞቹ ደመወዛቸው ወር የማያደርሳቸው ናቸው። አንዳንዶቹ የሚኖሩት በመንግሥት ድጎማ ነው። እንዲህ ካለ ሂሳብ ላይ ሳይታሰብ 35 ዶላር ሲነሳ የሚጎድለው አስቤዛ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚህ ገንዘብ ብዙው ሊመለስ ይችል የነበረ መሆኑ ነው። የተበላሸው አጠያየቁ ላይ ነው። ያው ስህተት ሲደጋገም ዝም ብዬ ማየት ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው።

ስቴትመንት ሳይዙ መደወል

"ገንዘቤን ቆርጠውብኛል።" ስንት? "ብዙ ነው።" መቼ? "ባለፈው ጊዜ።" ለየትኛው ክፍያ? ዝም። ስልኩን የሚያነሳው የባንኩ ሠራተኛ ሁሉንም ስክሪኑ ላይ ያየዋል። እናንተም እሱ የሚያየውን፣ ማለትም የሂሳባችሁን የገቢና የወጪ ዝርዝር (ስቴትመንቱን)፣ ሳታዩ አትደውሉ።

አንድ ወረቀት ውሰዱ። ለእያንዳንዱ ቅጣት የተቆረጠበትን ቀን፣ ቅጣቱን ያመጣውን ክፍያ፣ ከዚያ ክፍያ በፊት ሂሳቡ ላይ የነበረውን ገንዘብ ጻፉ። ይህን ስታደርጉ ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ብቅ ይላል።

አንደኛው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ሂሳባችሁ ላይ 100 ዶላር አለ እንበል። በአንድ ቀን የ10፣ የ15 እና የ20 ዶላር ዕቃ ገዛችሁ። በመጨረሻ የ95 ዶላር ክፍያ መጣ። ባንኩ በመጡበት ተራ ከቀነሳቸው ከዜሮ በታች የሚያወርዳችሁ የመጨረሻው ብቻ ነው። አንድ ቅጣት። ከትልቁ ጀምሮ ከቀነሰ ግን 95 ቀድሞ ይወጣና 5 ዶላር ይቀራል፤ ሦስቱ ትንንሽ ግዢዎች በሙሉ ባዶ ሂሳብ ላይ ያርፋሉ። ሦስት ቅጣት። በ35 ዶላር ስታሰሉት 105 ዶላር ነው። አንድም ዕቃ አልጨመራችሁም። በ2010 የካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ዌልስ ፋርጎ የተባለው ባንክ በዚህ አሠራር የሰበሰበውን 203 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲመልስ ፈርዶበታል። በ2011 ደግሞ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በተመሳሳይ ክስ 410 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ባንኮች አሠራራቸውን ቀይረዋል። ቢሆንም የእናንተ ክፍያዎች በምን ተራ እንደተቀነሱ ራሳችሁ ተመልከቱ።

ሁለተኛው የቀን ልዩነት ነው። ካርዱን ስታስነኩ ገንዘብ ነበራችሁ፤ ግዢውም አለፈ። ገንዘቡ በትክክል የሚነሳው ግን ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ነው። በመሀል ሌላ ክፍያ ገብቶ ሂሳቡን ያራቁተዋል። በቂ ገንዘብ ይዛችሁ ለገዛችሁት ዕቃ ትቀጣላችሁ። ይህን ማስረዳት የሚቻለው በግዢው ሰዓት የነበረው ባላንስ በእጃችሁ ካለ ነው። ስለዚህ ስክሪኑን ፎቶ አንሱ።

ሦስተኛው ከሁሉ ቀላሉ ነው። ባንኩ አንድ ክፍያ ገንዘብ የለም ብሎ ይመልሳል፤ ቅጣት ይቆርጣል። ነጋዴው ያንኑ ክፍያ ከቀናት በኋላ እንደገና ይልከዋል። ባንኩ እንደገና ይመልሳል፤ እንደገና ይቀጣል። ዕዳው አንድ፣ ቅጣቱ ሁለት። የአሜሪካ የባንክ ተቆጣጣሪ የሆነው ኤፍዲአይሲ በኦገስት 2022 ባንኮችን በዚህ ጉዳይ አስጠንቅቋል። ስቴትመንቱ ላይ ተመሳሳይ ስምና ተመሳሳይ መጠን ሁለቴ ካያችሁ በዚያ ጀምሩ። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ አንዲት እህት ሦስት ገጽ ሙሉ የቁጣ ደብዳቤ ጽፋ መልስ አጣች። የተደጋገመውን ክፍያ አውጥተን ሁለቱን ቀን ብቻ ጠቅሰን በአራት መስመር ስንጽፍ ተመለሰላት።

መዘግየት

ዛሬ ያያችሁትን ዛሬ ወይ ነገ ጠይቁ።

ችግርን መደበቅ

እዚህ ላይ ልቆይ ነው። ከሁሉ የሚያናድደኝ፣ ከሁሉ የሚያሳዝነኝም ይህ ስለሆነ።

ሰው ባንክ ሲሄድ ደህና ልብሱን ይለብሳል። የሥራ ሰዓቱ ተቀንሷል፤ ኪራይ አልከፈለም፤ መብራት ሊቆረጥበት ነው። "ምን ልርዳዎት?" ሲባል ግን ምንም እንዳልጎደለበት ሰው ቀና ብሎ ስለ ደንቡ ይከራከራል። ስለ ኑሮው አንድ ቃል አይወጣውም። ይገባኛል። ገመናን ለማያውቁት ሰው ማውራት ያማል። ግን ወገኖቼ፣ በእጃችሁ ያለውን ዋናውን ምክንያት ቤት ጥላችሁት ነው የመጣችሁት!

የባንኩ ሠራተኛ ከፊቱ የቆመው ሰው ተቸግሮ ይሁን ረስቶ በምን ያውቃል? ስክሪኑ ላይ የሚታየው የገባና የወጣ ገንዘብ ብቻ ነው። በእንግሊዝ ባንኮች የገንዘብ ችግር ላይ የወደቀን ደንበኛ በአግባቡ የማስተናገድ ግዴታ አለባቸው። ይህ ግዴታ የሚሠራው ግን ችግሩን ሲያውቁ ነው። በአሜሪካ ለኦቨርድራፍት እንዲህ ያለ ግልጽ ግዴታ የለም። ሆኖም ሠራተኞች በራሳቸው ሥልጣን የሚመልሱት ገንዘብ አለ። ያን የሚመልሱት ምክንያት ለሰጣቸው ሰው ነው።

አንድ ወንድም ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ጽዳት የሚሠራ። ተከታታይ ቅጣቶች ተቆርጠውበታል። ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርገን ደወልን። እሱ ስለ ደንቡ ሲከራከር ሠራተኛዋ ደንቡን እየጠቀሰች ትመልስለታለች። ስልኩን ሊዘጋ ሲል "የምሠራባቸውን ቀናት ቀንሰውብኛል፤ ይህ ገንዘብ የቤት ኪራዬ ነው በላት" አልኩት። አቀርቅሮ ቆየ፤ ከዚያ ተናገረ። ድምፅዋ ወዲያው ተለወጠ። ጥቂት አስጠብቃን ተመለሰችና ከአንዱ በቀር ሁሉንም መለሰችለት። ሲወጣ ደስ አላለውም፤ አፍሮ ነበር። እሱ የሚያፍርበት ምን ነገር አለ? ሠርቶ የሚያድር ሰው ነው። ሰዓቱን የቀነሰው አሠሪው ነው።

ታሪካችሁን ሁሉ ዘርዝሩ አላልኩም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ገቢዬ ይህን ያህል ነው፤ ይህ ቅጣት ኪራዬን ወይም ምግቤን ነክቷል። የድጎማ ደብዳቤ ወይም የደመወዝ ወረቀት ካላችሁ አያይዙ።

እባካችሁ ደግሞ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። አንድ ትንሽ ልጅ "እናቴ የምግብ ገንዘብ የለንም ትላለች" ብሎ በስልክ ሲያስተረጉም ሰምቻለሁ። ልጁ ከዚያ በኋላ ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ እናቱ ግን ዋናውን ነገር ዝቅ አድርጋ ነው የነገረችው፤ ልጇን ላለማስጨነቅ። አስተርጓሚ እንዲያቀርቡላችሁ ባንኩን ጠይቁ። ከሌላቸው የምታምኑት ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

"ግፍ ነው" ብሎ መጀመር

ግፍ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡን የሚያስመልሰው ግን ይህ ቃል አይደለም። በእንግሊዝ በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱ ከመጠን በላይ ነው የሚለውን ክርክር በጊዜው በቀረበበት የሕግ መንገድ ዘግቶታል። ከዚያ በኋላ ዓመታት አልፈው፣ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ፣ የፋይናንስ ተቆጣጣሪው ኤፍሲኤ ለኦቨርድራፍት ቋሚ የቀን ወይም የወር ክፍያ ማስከፈልን ከልክሏል። ባንኩ ማስከፈል የሚችለው ወለድ ነው። ከባንኩ ጋር አስቀድማችሁ ሳትስማሙ ከዜሮ በታች ብትወርዱም ከተስማማ ሰው በላይ ሊያስከፍላችሁ አይችልም። ስለዚህ እንግሊዝ ሆናችሁ ከዜሮ በታች በመውረዳችሁ ቋሚ ክፍያ ካያችሁ ያን ጥቀሱ። ባንኩ አንድን ክፍያ ገንዘብ የለም ብሎ ሲመልስ የሚቆርጠው ሌላ ነው፤ እሱም ባንኩን ካስወጣው ወጪ ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት።

የምትናገሩት አጭር ይሁን፦ "ማርች 3 እና ማርች 7 ለአንድ ዓይነት ክፍያ ሁለቴ 35 ዶላር ተቆርጦብኛል። ገቢዬ ዝቅተኛ ነው። ሁለቱም እንዲመለሱልኝ እጠይቃለሁ።" ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ ግን እነሱ ይሙሉት።

"ፈቅጃለሁ ወይ?" ብሎ አለመጠየቅ

ይህ አሜሪካ ላላችሁ ነው። ከ2010 ጀምሮ ባንክ በኤቲኤም ገንዘብ ስታወጡ ወይም በዴቢት ካርድ አንድ ጊዜ ስትገዙ የኦቨርድራፍት ክፍያ ሊቆርጥ የሚችለው አስቀድማችሁ ከፈቀዳችሁ ብቻ ነው። ካልፈቀዳችሁ ወይ ካርዱ እምቢ ማለት አለበት፤ ወይ ካሳለፈው ያለ ቅጣት ነው። ብዙ ሰው አካውንት ሲከፍት ሳያነብ ምልክት አድርጎ ፈቅዷል። መቼና በምን እንደፈቀዳችሁ ማስረጃውን ጠይቁ። ፈቅዳችሁ ከሆነም በፈለጋችሁ ጊዜ መሰረዝ ትችላላችሁ። ቼክንና በየወሩ በራሱ የሚነሳ ክፍያን ግን ይህ ደንብ አይሸፍንም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የመጀመሪያውን "አይቻልም" መቀበል

መጀመሪያ የምታገኙት ሰው ሥልጣኑ ትንሽ ነው። "አይቻልም" ሲል ብዙ ጊዜ "እኔ አልችልም" ማለቱ ነው። ሱፐርቫይዘር ጠይቁ። ስሙን፣ ቀኑንና የነገራችሁን ጻፉ። ከዚያ ቅሬታውን በጽሑፍ አስገቡ፤ "ቅሬታ ነው" ብላችሁ በግልጽ ጻፉበት።

በአሜሪካ የባንክ ደንበኞችን መብት ለሚያስጠብቀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለሲኤፍፒቢ፣ ማመልከት ትችላላችሁ፤ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ በ15 ቀን ውስጥ እንዲመልሱ ይጠበቃል። በእንግሊዝ ባንኩ 8 ሳምንት አለው። ካልመለሰ ወይም መልሱ ካላረካችሁ ጉዳዩን በባንክና በደንበኛ መካከል ወደሚዳኘው ገለልተኛ ተቋም፣ ወደ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን፣ ትወስዱታላችሁ። ነፃ ነው። ግን የባንኩ የመጨረሻ ደብዳቤ ከወጣበት ቀን አንስቶ 6 ወር ብቻ ነው ያላችሁ። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከትታችሁ አትርሱት።

ለማስመለስ ብላችሁ ለደላላ አትክፈሉ። እሱ የሚጽፈውን ቅሬታ እናንተም በነፃ መጻፍ ትችላላችሁ።

በወሬ መከራከር

"ከ5 ዶላር በላይ መቁረጥ ተከልክሏል" የሚል ብዙ ሰው ያጋጥመኛል። ወሬው ከባዶ አልተነሳም። ሲኤፍፒቢ በዲሴምበር 2024 ለትልልቅ ባንኮች እንዲህ ያለ ደንብ አውጥቶ ነበር። ሥራ ላይ ሳይውል ኮንግረስ ሽሮት በሜይ 2025 ተፈርሞ ቀርቷል። የሌለ ደንብ ስትጠቅሱ ሠራተኛው ሌላውን እውነታችሁንም መስማት ያቆማል።

አካውንቱን ጥሎ መሄድ

ተናዶ ካርዱን መቁረጥ፣ ሌላ ባንክ መሄድ፣ የቀድሞውን መርሳት። አንድ ወጣት 40 ዶላር ዕዳ ላይ አካውንቱን ጥሎ ሄደ። በየወሩ የሚነሳው ክፍያ ግን መሞከሩን አላቆመም፤ ቅጣቱም ተከተለ። ባንኩ አካውንቱን ዘግቶ ስሙን አስተላለፈ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ መረጃ ቼክስሲስተምስ በሚባለው ድርጅት እስከ 5 ዓመት ይቀመጣል። ሌላ ባንክ አካውንት ሊከፍት ሲሄድ መዝገቡን አይተው መለሱት። ቼኩን ለመመንዘር እየከፈለ ከረመ። ክርክሩን ቀጥሉ፤ ነገር ግን ሂሳቡን ከዜሮ በላይ ለማውጣት ሞክሩ፤ ካልቻላችሁም በክፍል በክፍል ለመክፈል ተስማሙ።

ክፍያው የእናንተ ካልሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ስለ ቅጣቱ ሳይሆን ስለ ስርቆት ነው የምታመለክቱት። በአሜሪካ ስቴትመንቱ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ አሳውቁ። የተሰረቀው ሲመለስ በሱ ሰበብ የተቆረጠውም ቅጣት እንዲመለስ ጠይቁ።

ገንዘቡ ሲመለስ ነገሩን መተው

በሚቀጥለው ወር ያው ክፍያ ይመጣል። ባንኩ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ያን ያህል አይራራም። በራሱ የሚነሳን ክፍያ ለማስቆም በአሜሪካ ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀደም ብላችሁ ለባንኩ ንገሩ። በእንግሊዝ በካርድ የሚደጋገም ክፍያን ራሱ ባንኩን ጠይቃችሁ ማሰረዝ ትችላላችሁ፤ "መጀመሪያ ነጋዴውን አነጋግሩ" ቢሏችሁ አትቀበሉ። ዕዳው የእውነት ዕዳ ከሆነ ለባለገንዘቡ ደውላችሁ የመክፈያውን ቀን ከደመወዝ በኋላ አስደርጉት።

የአካውንቱን ዓይነትም ቀይሩ። በአሜሪካ "ባንክ ኦን" የሚል ማረጋገጫ ያላቸው አካውንቶች የኦቨርድራፍት ክፍያ የላቸውም፤ ወርሃዊ ክፍያቸውም ቢበዛ 5 ዶላር ነው፤ ማስቀረት የሚቻል ዓይነት ከሆነ ግን እስከ 10 ዶላር ሊሆን ይችላል። ካፒታል ዋን የተባለው ባንክ በ2022 የኦቨርድራፍት ክፍያን ጨርሶ አስቀርቷል፤ ባንክ ኦፍ አሜሪካም በዚያው ዓመት ከ35 ወደ 10 ዶላር አውርዶታል። በእንግሊዝ ትልልቆቹ ባንኮች ነፃ የሆነና ኦቨርድራፍት የሌለው መሠረታዊ አካውንት አላቸው።

ስትቀይሩ መጀመሪያ ደመወዛችሁን ወይም ድጎማችሁን ወደ አዲሱ አዙሩ። ከዚያ በራሳቸው የሚነሱትን ክፍያዎች አንድ በአንድ ውሰዱ። የድሮው ላይ ትንሽ ገንዘብ ትታችሁ አንድ ወር ጠብቁ፤ በዓመት አንዴ ብቻ የሚነሳ የረሳችሁት ክፍያ እንዳለም የዓመቱን ስቴትመንት አገላብጡ። ሲዘጋ በጽሑፍ ማረጋገጫ ተቀበሉ።